ቲኬቱ 59፣ የከፈልኩት 80፦ ልዩነቱ ማን ኪስ ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ የቲኬት ክፍያ። ሦስቱም የመጡት አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለሆነ መልሱም የዚያን አገር አሠራር የሚመለከት ነው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በጣም የምትወዳት ዘፋኝ አለች፣ ለልደቷ ኮንሰርቱን ላሳያት ቃል ገባሁላት። ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለቱ ልጆች አራት ቲኬት መሆኑ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ኩሽና ቁጭ ብዬ በስልኬ ከፈትኩት። አንዱ 80 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይላል። ከዋጋው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። ስነካት ዝርዝሩ ወረደ፦ ቲኬት 59.50፣ የአገልግሎት ክፍያ 16.85፣ የአዳራሽ ክፍያ 4 ዶላር። በአራት ሲባዛ ክፍያው ብቻ 83 ዶላር ከ40 ነው! እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚያስቀር ሕግ ወጣ ሲባል ሰምቼ ነበር። ታዲያ ምኑ ቀረ? ደግሞ ወረቀት አላተሙልኝ፣ በፖስታ አልላኩልኝ፣ ስልኬ ላይ የገባ ባርኮድ ነው። አገልግሎቱ ምንድን ነው? ልጄን ላሳዝናት አልፈለግኩም፣ ገዛሁት። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ቢያንገበግብሽ እውነትሽን ነው። ልጅሽን ለማስደሰት ያወጣሽው ገንዘብ ነው፣ የት እንደገባ ማወቅ አለብሽ።

መጀመሪያ ሕጉን እናጥራ። የሰማሽው ውሸት አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2024 ደንብ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ደንቡ የሚመለከተው እንደ ኮንሰርት፣ ስፖርትና ቲያትር ያሉ ዝግጅቶችን ቲኬት፣ እንዲሁም ሆቴልና መሰል የአጭር ጊዜ ማረፊያዎችን ነው። የሚለው ይህን ነው፦ ሻጭ ዋጋ ሲያሳይ የግድ የሚከፈለውን ሁሉ ደምሮ ከመጀመሪያው ያሳይ። ታክስና ማጓጓዣ ብቻ ኋላ ሊመጡ ይችላሉ። አለቀ። ክፍያ አታስከፍሉ አይልም። ከዚህ በላይ አትውሰዱም አይልም። አንቺ ባለሽበት ሜሪላንድም ቀድሞ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ጠቅላላውን ዋጋ አሳዩ የሚል የግዛት ሕግ አለ።

ስለዚህ ያየሻት 80.35 ራሷ የሕጉ ሥራ ናት። ድሮ ቢሆን 59.50 ብሎ ያስገባሽ ነበር። ወንበር ያስመርጥሻል፣ ስምሽን ያስሞላሻል፣ ካርድሽን ያስገባሻል፣ ከላይ ሰዓት እየቆጠረ ያጣድፍሻል፣ ከዚያ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ልብሽ ኮንሰርቱ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ 20 ዶላር ከ85 ይጨምርብሻል። እዚያ ከደረሰ ማን ይመለሳል?

ብዙ ሰው እንደማይመለስ ደግሞ ራሳቸው ሻጮቹ ለክተው ያውቁታል። ቲኬት መልሶ የሚሸጥበት ስታብሃብ የሚባለው ድርጅት በ2014 ጠቅላላ ዋጋውን ከመጀመሪያው ማሳየት ጀምሮ ነበር። በ2015 ግን ገዢዎቹን ለሁለት ከፍሎ ሞከረው። ግማሹ ክፍያው የተደመረበትን ዋጋ ከመነሻው ያያል፣ ግማሹ ክፍያውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያዩት ሰዎች ወደ 21 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ አወጡ። የጀመሩትን ግዢ የመጨረስ ዕድላቸውም በ14 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ጥናቱ በ2021 በአንድ የግብይት ምርምር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ድርጅቱም ውጤቱን አይቶ ወደ ድሮው አሠራር ተመለሰ። ተጨማሪው ገንዘብ የወጣው ሰዎቹ ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ ክፍያውን ቀድመው ስላላዩ ብዙዎቹ ግዢውን ስለጨረሱ፣ ከፊሎቹም ሳያውቁት ውድ ወንበር ስለመረጡ ነው። እና ዛሬ ያችን 80.35 ቀድመሽ ማየትሽ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ፈልገሽ ነው የገዛሽው ወይም ፈልገሽ ነው የምትተዪው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። አገልግሎቱ ምንድን ነው?

ባርኮድ ስልክሽ ላይ ለማስገባት 16 ዶላር ከ85 እንደማይፈጅ አንቺም ታውቂዋለሽ። የካርድ ማስከፈያው ወጪ አለ፣ የኮምፒውተሩ ሥርዓት ወጪ አለ፣ ይህን አልክድም። ግን የክፍያው ልክ የሚወሰነው በዚያ ወጪ አይደለም። የሚወሰነው በአዳራሹና በቲኬት ሻጩ መካከል በተፈረመ ውል ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ከአንድ ሻጭ ጋር ብቻ ይዋዋላል። ያንን ውል ለማግኘት ሻጩ ለአዳራሹ ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጣል፣ ከሚሰበሰበው ክፍያም ድርሻ ይቆርጥለታል። «የአገልግሎት ክፍያ» የተባለው ተከፋፍሎ ከፊሉ ለሻጩ፣ ከፊሉ ለአዳራሹ፣ አንዳንዴም ለፕሮሞተሩ፣ ማለትም ኮንሰርቱን ለሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ይገባል። 4 ዶላሯ የአዳራሽ ክፍያ የአዳራሹ ናት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ውድድር ሲኖር ዋጋ ይወርዳል ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ሻጮቹ የሚወዳደሩት ላንቺ ሳይሆን ለአዳራሹ ነው። ለአዳራሹ ብዙ የሚሰጥ ውሉን ይወስዳል። የሚሰጠውን ከየት ያመጣዋል? ካንቺ ነዋ። አንቺ ደግሞ ያቺን ዘፋኝ በዚያ ምሽት ለማየት ሌላ መግቢያ በር የለሽም። «ይህ ሻጭ ተወደደብኝ፣ ወዲያኛው ሱቅ እሄዳለሁ» ማለት አትችዪም።

ዘፋኟን እንዳትወቅሻት። ብዙ ጊዜ ዘፋኞቹም በዚህ ነገር ያዝናሉ። በማርች 2023 ዘ ኪዩር የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ለደጋፊዎቹ ብሎ ርካሽ ቲኬት አወጣ፣ ከ20 ዶላር ጀምሮ። አንድ ሰው የ20 ዶላሩን አራት ገዛ፣ 80 ዶላር መሆኑ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ 172 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆነ! ለእያንዳንዱ ቲኬት 11.65 የአገልግሎት፣ 10 ዶላር የአዳራሽ፣ በላዩ ላይ 5.50 የትዕዛዝ ማስተናገጃ። ክፍያው ከቲኬቱ በለጠ። የባንዱ መሪ ሮበርት ስሚዝ በአደባባይ ተናደደ፣ ቲኬቱን የሸጠውን ድርጅት፣ ቲኬትማስተርንም ጠየቀ። ድርጅቱ ክፍያው መብዛቱን ተቀብሎ ርካሹን ቲኬት ለገዙት 10 ዶላር፣ ለሌሎቹ 5 ዶላር መለሰላቸው። አንድ ታዋቂ ሰው ስለጮኸ የሚመለስ ገንዘብ ከመጀመሪያውም የግድ የሚከፈል አልነበረም ማለት ነው። እኔ ከዚህ ሌላ ትርጉም ላገኝለት አልቻልኩም።

ጩኸቱ ግን አዲስ አይደለም። ፐርል ጃም የሚባለው ባንድ በ1994 ይኸው ጉዳይ አንገብግቦት ለፍትሕ ሚኒስቴር አቤት ብሎ፣ አባላቱ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ነበር። የጠየቁት ክፍያው በ18 ዶላር ቲኬት ላይ ከ1 ዶላር ከ80 እንዳይበልጥ ነበር። ምርመራው በዓመቱ ተዘጋ። ከዚያ በ2010 ጭራሽ ትልቁ ቲኬት ሻጭ ቲኬትማስተርና ትልቁ የኮንሰርት አዘጋጅ ላይቭ ኔሽን ተዋሃዱ። በሜይ 2024 ፍትሕ ሚኒስቴር ከብዙ ግዛቶች ጋር ሆኖ ከሰሳቸው። የክሱ ጽሑፍ እንደሚለው ከትልልቅ የኮንሰርት አዳራሾች 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ቲኬታቸውን በዚህ ድርጅት በኩል ይሸጣሉ። ድርጅቱ በበኩሉ ክሱን አስተባብሏል፤ ክፍያውን የሚወስኑትም፣ አብዛኛውን የሚወስዱትም አዳራሾቹ ናቸው ብሏል።

ያንቺ ክፍያ 35 በመቶ ነው። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት የመጀመሪያ ሽያጭ ክፍያ በአማካይ የቲኬቱን ዋጋ 27 በመቶ ይሆን ነበር። ያንቺ ከአማካዩ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ለየት ያለ ነገር ደረሰብኝ አትበይ። ብዙ ሰው እንዲህ ይከፍላል።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ለሚቀጥለው፣ ከመግዛትሽ በፊት ለአዳራሹ ደውዪና አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «የቲኬት መስኮታችሁ ላይ መጥቼ ብገዛ የአገልግሎት ክፍያ አለው?» ብዙ አዳራሾች መስኮት ላይ ይህን ክፍያ አያስከፍሉም፣ ወይም በጣም ዝቅ ያደርጉታል። ያንቺ ቢሆን 67 ዶላር ከ40 ይተርፍሽ ነበር ማለት ነው። የአዳራሹ 4 ዶላር ግን ላይቀር ይችላል።

እኔ ባለፈው ዓመት ሞክሬዋለሁ። መስኮቱ የሚከፈተው ዓርብ ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነበር። ከምሳ ሰዓቴ ቆርሼ ሄድኩ። ሰልፍ የለም። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከመስታወቱ ወዲያ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። የወንበሩን ሥዕል በወረቀት አወጣችልኝ፣ በእርሳሷ «እዚህ ምሰሶ አለ፣ ይጋርድሃል፣ ወደዚህ ና» አለችኝ። ስልኬ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ሁለት ቲኬት ገዛሁ፣ ፖስተሩ ላይ ባለው ዋጋ። ሁልጊዜ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በደቂቃዎች ለሚያልቅ ኮንሰርት መስኮት መጠበቅ አይቻልም፣ ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑና ፓርኪንጉ የተረፈሽን ይበላዋል። አዳራሹ ሜትሮ አጠገብ ከሆነና አራት ሰው ከሆናችሁ ግን ያዋጣል።

ለልጅሽ መልካም ልደት በይልኝ።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለእንቁጣጣሽ ፕሮግራም እያዘጋጀን ነው፦ ባንድ አለ፣ ምግብ አለ፣ ቤተሰብ ይመጣል። መግቢያው ለአዋቂ 40፣ ለልጅ 15 ዶላር ነው። ፖስተር ላይ እንዲሁ ጻፍን። ቲኬቱን ኢቨንትብራይት በሚባለው የኢንተርኔት ቲኬት መሸጫ ላይ አወጣነው። ሰው ሲገዛ ክፍያ ይጨመርበታል፣ እና ስልኬን በስድብ ሞሉት። «ሌባ» ያለኝም አለ። እኔ ከዚያ ክፍያ አምስት ሳንቲም አይደርሰኝም። ምን ላድርግ?
— አዘጋጅ ነኝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በማታውቀው ነገር መሰደብህ ያሳዝናል። ግን የሚሰድቡህ ሰዎችም የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 40 ብለህ ጠርተሃቸው ከ44 በላይ ከፈሉ።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። የኢቨንትብራይት ሲሠራበት የቆየው የአሜሪካ ታሪፍ በአንድ ቲኬት 3.7 በመቶ እና 1 ዶላር ከ79፣ በላዩ ላይ ለካርድ ማስከፈያ 2.9 በመቶ ነው። የ40 ዶላሩ ቲኬት ወደ 44 ዶላር ተኩል ይሆናል፣ ጭማሪው 11 በመቶ ገደማ ነው። የልጁን 15 ዶላር እየው። ወደ 17 ዶላር ከ85 ይደርሳል፣ ጭማሪው 19 በመቶ ነው! ያቺ 1 ዶላር ከ79 ለውዱም ለርካሹም እኩል ስለምትጨመር ርካሹን ቲኬት ነው አብዝታ የምትጎዳው። ሦስት ልጅ ይዞ ለሚመጣ አባት ይህ ትንሽ አይደለም።

ገጹ ላይ ክፍያውን ገዢ ይክፈል ወይስ አዘጋጅ የሚል ምርጫ አለ። ወደ አዘጋጅ አዙረው። ከዚያ ዋጋህን 45 እና 18 ብለህ ጻፍ፣ ወይም ካዋጣህ በ40 ተወውና ልዩነቱን ከትርፍህ ቁረጥ። ሰው 45 ሲባል «ተወደደ» ይል ይሆናል፣ «ሌባ» ግን አይልህም። ደግሞ ምርጫ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ለእህታችን የነገርኳት የፌዴራል ደንብ ትልቅ ሻጭ፣ ትንሽ ሻጭ ብሎ አይለይም። ገጽህ ላይም ሆነ ፖስተርህ ላይ የሚጻፈው ሰው በትክክል የሚከፍለው መሆን አለበት። ፖስተሩን ዛሬውኑ አስተካክል። እስካሁን ለገዙት አጭር መልእክት ላክላቸው፣ በር ላይ ለልጆቻቸው ለስላሳ በነፃ አድርግላቸው። ይበቃል።

ሌላው፣ የድሮውን መንገድ አትናቀው። ዕቃ የምንገዛባቸው ያገራችን ሰዎች መደብሮችና ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ቁጥር የተጻፈበት ቲኬት ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ሰው እንጀራውን ሊገዛ ሲገባ ይዞ ይወጣል። በስንት ቁጥር እንደሰጠህ፣ ስንት እንደተመለሰልህ በደብተር ያዝ፣ ያለዚያ በር ላይ ጭቅጭቅ ይመጣል። አዲስ አበባ ፖስተር ላይ «መደበኛ ይህን ያህል፣ ቪአይፒ ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፋል፣ ሰው ያንኑ ይዞ ይሄዳል። የኛ ሰው ዋጋ ሲባል የሚገባው ይህ ነው፣ እዚህ አገር መጥቶም አልለወጠውም።

ገንዘቡን በዜል፣ ማለትም ሰው ከባንክ ሒሳቡ በስልክ በሚልክበት መንገድ፣ ለመቀበል ካሰብክ ግን ተጠንቀቅ። ፕሮግራሙ ቢሰረዝ ገንዘቡን ለእያንዳንዱ ሰው በእጅህ መመለስ አለብህ፣ ማን ስንት እንደላከ ካልመዘገብክ ትቸገራለህ።

ጥያቄ፦ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። 67 ዓመቴ ነው፣ ሲያትል ነው የምኖረው። ልጄ የጃዝ ሙዚቃ ስለምወድ ቲኬት ግዛ አለኝና የአዳራሹን ስም ጉግል ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ የወጣው የአዳራሹ ስም ያለበት ገጽ ነበር። ገብቼ አንድ ቲኬት በ148 ዶላር ገዛሁ። ኋላ ልጄ ሲያይ አዳራሹ ራሱ በ62 ዶላር ይሸጣል። ተጭበርብሬ ነው ወይ? ይመለስልኛል?
— የጃዝ ወዳጅ

መልስ፦ ጋሼ፣ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ወጣቱም ጭምር፤ በራስዎ አይዘኑ። እርስዎ የገቡበት ገጽ የአዳራሹ አይደለም። ቲኬት ገዝተው መልሰው የሚሸጡ ሰዎች የሚገናኙበት ገበያ ይመስለኛል። ጉግል ላይ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ ከፍለው ነው እዚያ የተቀመጡት። የአዳራሹን ስም በትልቁ ይጽፉና «ሻጮቹ ዋጋውን ከመነሻው በላይ ሊያደርጉት ይችላሉ» የሚለውን በደቃቅ ፊደል ከታች ያደርጉታል። እዚያ ገበያ ላይ ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ይላል፣ የገጹ ባለቤት ደግሞ የራሱን ክፍያ ይጨምራል።

እንደዚህ ያለ ግዢ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ዝግጅቱ ከተሰረዘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ወደ ሌላ ቀን ከተዛወረ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረሰኝዎን ይመልከቱ። ዝግጅቱ፣ ቀኑ፣ የወንበሩ ረድፍ በሙሉ ተጽፏል? ረድፍና ቁጥር ከሌለ ሻጩ ገና በእጁ ያልገባ ቲኬት ሸጦልዎት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ለገጹ ወዲያው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ገጹ ራሱን የአዳራሹ አስመስሎ ካቀረበ ለልጅዎ ነግረው የገጹን ፎቶ ያስነሱ፣ ከዚያ ለዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። ቅጹ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ አይከፈልበትም።

ከዚህ በኋላ በጉግል አይፈልጉ። አዳራሹ በር ላይ ወይም በወረቀት ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ራስዎ ይጻፉት፣ ወይም ስልክ ደውለው ይጠይቁ፣ ሰው ያነሳል። ቲኬት ሲገዙ ደግሞ በዴቢት ሳይሆን በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ። ቲኬቱ ሳይደርስዎ ቢቀር ሒሳቡ የወጣበት ወረቀት ከተላከልዎ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ መከራከር ይችላሉ፣ ሕጉ ይህን መብት ይሰጥዎታል። ኮንሰርቱ ሁለት ወር የሚርቅ ከሆነ ታዲያ 60ው ቀን የሚያልቅበትን ዕለት አሁኑኑ ካላንደርዎ ላይ ያክብቡት።